እትዬ ምናልባትና የበጋው ጓሮ

በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ደስታ በር ሲያንኳኳ ሌላው ሊከፍት ሲሮጥ፣ እሱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ብቻውን ነው የመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ሽርሽር እንሂድ ሲሉት ስለ መኪናው ፍሬን ያነሳል። ሕፃን ሲያሳቅፉት ዓይኑ ደረጃው ላይ ነው። ሹመት ሲያበስሩት ከወንበሩ ስለሚወረድበት ቀን ያስባል።

በአንድ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት እትዬ ምናልባት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እትዬ ወሬ የሚጀምሩት በ«ምናልባት» ነው፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ደህና ነገር ሆኖ አያውቅም። «ምናልባት ዛሬ ይቀናን ይሆናል» ሲሉ የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሥራቸው ነው እንዲህ ያደረጋቸው የሚሉ አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ሸሚዙ ከማሽን ወርዶ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ማማሩን ማየት የሳቸው ድርሻ አልነበረም፤ የተዛነፈ ኮሌታ፣ የላላ ቁልፍ፣ ያመለጠ ክር መፈለግ ነበር ሥራቸው። ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛው እዚያው ቀረ፣ ዓይኑን ግን ይዘውት መጡ። ይኸው ዓለምን እንደ ሸሚዝ ገልብጠው ስፌቷን ሲመረምሩ ይውላሉ።

አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ጫማዋን ማሰር የማትችል ልጅ ስለነበረች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ሰዎች ዓይናቸውን አጥብበው ግድግዳ ላይ ያሉ ፊደሎችን እያዩ ሲሳሳቱ «ይሄኛውስ? ይሄ ይሻላል?» ስትል ስለምትውል ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። ያ ትዕግሥት ባይኖራት ኖሮ ከእትዬ ጋር አንድ ሳምንት አትሰነብትም ነበር ይላል ሾፌሩ።

ያን ዓመት በጋው ሲገባ፣ ሰማዩ ጠራ ጠራ ማለት ሲጀምር፣ ታናሽየዋ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። የትም እንደማትሄድ ተናገረች። ጓሮውን ልታለማ፣ ሳሎኑን ቀለም ልትቀባ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ውጭ ቁጭ ብላ ብዙ እሳት የማይፈልግ ቀለል ያለ ነገር እየሠራች ልትበላ ነው። እትዬ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ግንባሯን በእጃቸው ዳበስ አድርገው አሟት እንደሆነ ጠየቁ።

አላመማትም። ግን ሁሉንም አልተናገረችም። መነጽር ቤቱ በሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ በሚያስኬድ መንገድ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ ኃላፊ እንድትሆንም የመረጡት እሷን ነው። ለአለቃዋ እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም። ለእትዬ ሳትነግር ግን ሳምንታት አለፉ። ቴርሞስ ሲከደን ይፈነዳል ብለው ራቅ የሚሉ ሴት ይህን ሲሰሙ ምን ይሆናሉ? ጠዋት ልንገራት ትላለች፣ ጠዋት ሲሆን ቁርሷን ትብላ ትላለች፣ ቁርስ ሲበሉ ትን እንዳይላቸው ትፈራለች። እንዲህ እንዲህ ስትል ቀኑ ይመሻል።

በመጨረሻ ያሰበችው ይህን ነበር። ቤቱ ቢያምር፣ ጓሮው ቢለመልም፣ እሷ ስትሄድ ቤቱ ባዶ አይመስላቸውም። አበባ ሰው እንደማይሆን ታውቃለች። ግን ውኃ የሚያጠጣው ነገር ያለው ሰው ቢያንስ ጠዋት ከአልጋው ይነሳል።

ጓሮው የተሰበረ ወንበርና የዛገ በርሜል የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ታናሽየዋ እነሱን አስወጥታ መሬቱን ቆፈረች፤ የቲማቲም ችግኝ፣ ናና፣ በአጥሩ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳ ተከለች። ክብርት እትዬ በሩ ላይ ቆመው ሥራውን ተቆጣጠሩ። ናናው ትንኝ እንዳይጠራ፣ የጽጌረዳው እሾህ ጣት ወግቶ እንዳያመረቅዝ፣ የውኃው ጎማ ሰው እንዳይጠልፍ ሰጉ። ስለ ቲማቲሙ ደግሞ ጠለቅ ያለ ሐሳብ ነበራቸው።

«ምናልባት ሲቀላ የሰፈር ልጆች ያዩታል» አሉ። «ካዩት አጥር ይዘላሉ። ከዘለሉ እግራቸው ይሰበራል። እናቶቻቸው ደግሞ እኛን ነው የሚከሱት።»

ችግኙ ገና የጣት ቁመት አልሞላም። በእትዬ ሐሳብ ግን ፍርድ ቤት ቆሟል።

በማግስቱ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ታናሽየዋ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ አየቻቸው። እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ጓሮው መሐል ጎንበስ ብለው ቆመዋል፤ ጥላው ያረፈው ችግኞቹ ላይ፣ ፀሐዩ የሳቸው ጀርባ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምረው እንደቆሙ ስትጠይቃቸው አሁን ገና ነው አሉ። ቀሚሳቸው ግን በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ያኔ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። «እትዬ» አለች። «አቤት» ብለው ቀና ሲሉ ጃንጥላው ዘንበል አለና ፀሐዩ ችግኙን ነካው፤ እሱን ለማስተካከል ዞሩ። እሷም ውኃ ትጠጪ እንደሆን ብዬ ነው ብላ ተመለሰች።

ቀጥሎ የሳሎኑ ተራ ሆነ። ቀለሙን እሷ መረጠች፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ቀትር ላይ ክፍሉን የሚያሞቅ ዓይነት። እትዬ የቀለሙ ሽታ ሳንባ እንዳይገባ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ። ነፋሱ ደግሞ ደረት እንዳይመታ መልሰው ዘጉ። ሽታው በረታባቸውና ከፈቱ። ሾፌሩ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ቤታችሁ ለማን ነው የሚያጨበጭበው ብሎ ጠየቀ።

መሰላሉ አጭር ነው፤ ከሱ የወደቀ ሰው እግሩ ቀድሞ መሬት ይነካል። እትዬ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቁትም። መሰላሉን በአንድ እጅ፣ የእህታቸውን ቁርጭምጭሚት በሌላው ይዘው እንደ ምሰሶ ቆሙ። የቀለም ጠብታ ሽበታቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ ንቅንቅ አላሉም። ታናሽየዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው እጅ በተሰማት ቁጥር ብሩሹን ቆም ታደርጋለች። እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው እንዴት ተብሎ ልቀቂኝ ይባላል?

እዚያው ላይ እንዳለች ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር፤ የምትሄድበትን ቀን ሊያረጋግጥ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አዎ፣ በወሩ መጨረሻ፣ አዎ ብላ ዘጋች። ከታች ማን እንደሆነ ተጠየቀች። ከሥራ ነው አለች። ምናልባት ሊያባርሩሽ ይሆን ተባለች። አይደለም አለች። ብሩሹ ግን ከግድግዳው አልፎ ነጩ ጣሪያ ላይ ቢጫ መስመር አሰመረ።

እትዬ መስመሩን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ጉድለት ሲለቅሙ የኖሩት ሴት ጣሪያውን አይተው፣ እህታቸውን አይተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዓይናቸውን መለሱ። ከሁሉ ነገር ይልቅ ታናሽየዋን ያስፈራት ይህ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ምክር ፍለጋ ሾፌሩ ዘንድ ሄደች። ሾፌሩ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ሰው ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ ይዞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ እንዳለው፣ ለተሳፋሪው የነገረውም ከቆመ በኋላ እንደሆነ አጫወታት። እሷ ግን ሄጄ ከደረስኩ በኋላ መንገር አልችልም አለችው። እንግዲያው እኔ ባለሁበት ንገሪያት፣ ከሰው ፊት ብዙ አትደነግጥም አለ። እራት እንድትጠራው ተስማሙ።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ጠረጴዛውን ጓሮው ውስጥ አወጣች። ከሳሎኑ በተረፈው ቀለም የቀባችውን አሮጌ ጣሳ መሐል ላይ አድርጋ ከመንገድ ዳር የቆረጠችውን አበባ ሰካችበት። ኪያር በቀጭኑ ከትፋ ከእርጎ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከራሷ ናና ጋር አዋሐደች። ድንች ቀቅላ ገና በትኩሱ ዘይትና ሎሚ አፈሰሰችበት። ሐብሐቡን ቆርጣ በውኃ የቀዘቀዘ ሳህን ላይ ደረደረችው። አየሩ ለስለስ ያለ ነበር፤ የረጠበው አፈር ይሸታል። ሰው እንዲህ ባለው ምሽት መደሰት ነበረበት። ታናሽየዋ ግን ሹካዎቹን እየደረደረች መልሳ ታነሳቸው ነበር።

ሾፌሩ ቀድሞ ተቀምጧል፤ እትዬም መጡና ወንበሩን ሁለቴ ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ። እርጎውን አሸተቱ። የሐብሐቡን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ፤ ምናልባት ሾፌሩን ትን ይለዋል። ሾፌሩ ታናሽየዋን አያት፣ ታናሽየዋ ሾፌሩን አየችው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደ ሰው ጨው አንሷል ብሎ ተነስቶ ወደ ራሱ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር ነው» አለች። «ኃላፊ አድርገውኛል። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

እትዬ የሐብሐቡን ፍሬ መልቀም አቆሙ። «ምናልባት» እንኳ አላሉም። ስለ ትንኝ፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ብርድ ሲሰጉ የኖሩ ሴት ይህን አንዱን ሰግተውት አያውቁም ነበር። ወይም ደግሞ ሌላውን ሁሉ የሰጉት ይህን ላለመስጋት ይሆናል። የተጠረገውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው እንደገና ጠረጉና ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ታናሽየዋ ለለቅሶ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለቁጣም ተዘጋጅታ ነበር። ለዝምታ ግን አልተዘጋጀችም። ጆሮዋን ወደ ቤቱ ጣለች። ቧንቧ አይከፈት፣ ቁም ሳጥን አይንቋቋ። ሾፌሩ ጨዉን ይዞ ተመለሰ፤ ፊቷን ሲያይ ዕቃውን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ተቀመጠ። ምናልባት ወድቃ ይሆን፣ ምናልባት ልቧ ይሆን እያለች ማሰብ እንደጀመረች ራሷም ልብ አላለችም። ወንበሯን ገፍታ ልትሮጥ ስትል እትዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

ሹራብ ደርበዋል። ሌላ ሹራብ ደግሞ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል። መጥተው በእህታቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት፣ ተቀመጡ፣ ከኪያሩ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«የምትገቢበት ቤት።»

«ሁለተኛ።»

«ደረጃው መደገፊያ አለው?»

«አለው፣ እትዬ።»

«የጠበቀ ነው ወይስ የሚወዛወዝ?»

«አልነካሁትም።»

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሳትነኪው ነው ቤቱን እሺ ያልሽው?»

የታናሽየዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሾፌሩ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ድንቹን በትጋት መብላት ጀመረ። እትዬ ቀጠሉ። የጋዙ ማጥፊያ የት ጋ እንደሆነ፣ ከሥራ ስትመለስ መንገዱ መብራት እንዳለው፣ የበሩ ቁልፍ ከውስጥ እንደሚዘጋ፣ ጎረቤት ውሻ እንዳለ፣ ውሻው ታስሮ እንደሆነ፣ አዲሶቹ ሠራተኞች ሴት አታዘንም ብለው እንዳያስቸግሯት ጠየቁ። ድሮ ቢሆን ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ እሺ በቃ ትል ነበር። ያን ምሽት እያንዳንዱን አስባ መለሰች፤ የማታውቀውን አጣርቼ እነግርሻለሁ አለች።

«አንቺስ?» አለች በመጨረሻ። «ብቻሽን ስትሆኚ ነው እኔ የምሰጋው።»

«ተይው» አሉ እትዬ። «እዚህ ቤት መስጋት የኔ ሥራ ነው። አንቺ የራስሽን ሥሪ።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልመጣም። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ፤ የሚፈሩት ነገር ያለቀባቸው ይመስሉ ነበር፤ እንዲያ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው ስትል የኖረችው እህት ማለቁን መቋቋም አቃታት። ወንበሯን አስጠግታ እጃቸውን ያዘች።

«ሌላስ፣ እትዬ?»

እትዬ አሰቡ።

«አልጋሽ መስኮት ሥር እንዳይሆን» አሉ ቀስ ብለው።

«እሺ» አለች። «ሌላስ?»