ሙት መንፈስ አደን የሄዱ ለቀስተኞች

ሰው መቼም ጉድ ነው። እኛ ባደግንበት በጎንደር ገጠር፣ ሰይጣን አለበት የተባለ ዋርካ ካለ መንገደኛው ዳገቱን ዞሮ ይሄዳል እንጂ በሥሩ አያልፍም። ሙት መንፈስ ታየ ከተባለማ በር ተቀርቅሮ፣ እሳት ተቆስቁሶ ነው የሚታደረው። እዚህ እስራኤል ደግሞ ሰዉ ስንቁን ቋጥሮ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መንፈሱን ፍለጋ ይሄዳል። ያውም ካላገኘው ቅር ይለዋል! "አንተስ?" እንዳትሉኝ እንጂ፣ እኔም ሄጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤኤር ቱቪያ ካርቶን ስናጥፍ የምንውለውን ሰዎች ፋብሪካው በዓመት አንዴ ሽርሽር ይወስደናል። ሌላ ጊዜ ባሕር ነበር። ዘንድሮ የሠራተኛ ኮሚቴው ምን እንደነካው እንጃ፣ ነገቭ በረሃ ውስጥ፣ ማዕድኑ አልቆ ሰው ጥሎት በሄደ የቆፋሪዎች መንደር፣ ሐሙስና ዓርብ "የመንፈስ አደን" አለ ብሎ ለጠፈ። ከቂርያት ማላኪና ከገዴራ የምንመጣው ሐበሾች ማስታወቂያውን አይተን ሳቅን። ያልሳቀችው ባዩሽ ብቻ ነበረች።

ከባዩሽ ጋር ዛሬ የምንሠራው ባንድ ማሽን ላይ ነው። ድሮ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ባንድ የስደተኞች መጠለያ ነበርን። ታናሽ ወንድሟ ፈንታሁን የሞተው እዚያ ነው። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ተደብቀን ስለነበር፣ እንደ ወጋችን እሪ ብሎ ማልቀስ አልተቻለም። ሽማግሌዎቹ "ትንፍሽ እንዳትዪ፣ የቀረነውን ታስፈጂናለሽ" አሏት። ትንፍሽ አላለችም። እዚህ ከገባን በኋላስ? ኡልፓን ገብቶ ዕብራይስጥ መማር፣ ልጅ ማሳደግ፣ ሥራ። በመንገድ ለቀሩት ወገኖቻችን በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን አለ፤ ግን እሱም ንግግርና ማይክሮፎን ያለበት ነው፣ ማን ደረቱን ይመታበታል? ባዩሽ የወንድሟን ስም ጠርታ ሳታለቅስ አርባ ዓመት አለፋት። "ላይችል አይሰጥም" ይላሉ። እኔ ግን ለባዩሽ የተሰጣት በዝቶባት ነበር ባይ ነኝ።

"መለሰ፣ እውነት ሙት ይጠራሉ?" አለችኝ ማሽኑ ለምሳ ሲቆም።

"ጨዋታ ነው እኮ ባዩሽ። ፈረንጅ ሲደላው የሚያመጣው ነው።"

"ቤሰደር፣ እሺ፣ ጨዋታ ይሁን። እዛ መጮኽ ይፈቀዳል ወይ ነው የምልህ።"

ምን ልበል? ይፈቀዳል አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ ፀጉሩን የቋጠረ አንድ ጎረምሳ አስጎብኚ መንፈስ ሲቀርብ ይበራል የተባለ መሣሪያ ይዞ ማዕድን ይቆፈርበት ወደነበረው ዋሻ አስገባን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ሲል ተረከልን፦ አንድ ቆፋሪ ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው። ዋሻው ተናደበት። ያለቀሰለት ስላልነበረ መንፈሱ እስከ ዛሬ እዚህ ይንከራተታል።

ሊያስፈራራን ነበር። አይ ልጅ! ሰው ተሳሳተ። የእኛ ሰው አልቃሽ ያጣ ሬሳ አለ ሲባል አይፈራም፣ ያፍራል። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ፣ የገዴራው አባ ፈረደ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በዕብራይስጥ ጠየቁት።

"ለእናቱ ማን አረዳት?"

"ለማን?"

"ለእናቱ ነዋ! ልጇ እንደሞተ ማን ነገራት?"

ልጁ አላውቅም አለ። በሙያው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። ወሬውን ለማስቀየር ይመስላል፣ "ያላ፣ የሚጠራው ሰው ያለው አሁን ጮክ ብሎ ይጥራ" አለ። ሌላ ቡድን ከዋሻው አፍ ተራ ይጠብቅ ስለነበር ቸኩሏል።

ባዩሽ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። "ፈንታሁን!" ብላ ስትጮኽ ድንጋዩ መልሶ ጮኸ። ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች፦

አፌን ይዤ ቀበርኩህ እንደ ሌባ ሰው፣
ዛሬ ስምህን ልጥራው በረሃው ይስማው።

በእኛ ዘንድ ሰው እያለቀሰ አጠገቡ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው። አባ ፈረደ ተቀበሏት። እኔም "ወንድሜን! ወንድሜን!" አልኩ። በሰው ለቅሶ ሁሉም የየራሱን ነውና የሚያለቅሰው፣ እኔ በመሀል እናቴ ትዝ አለችኝና ማቆሚያ አጣሁ። አብረውን የመጡት ሩሲያውያን ሠራተኞች ጭምር እንባቸውን ጠረጉ። መሣሪያው ይብራ አይብራ ያየ የለም። ተራ ጠባቂዎቹ ግን ለቀረጻ የደገኑትን ስልክ እንደያዙ ፈርጥጠው ሸሹ አሉ።

በመጨረሻ አባ ፈረደ "በቃሽ ልጄ፣ ያጽናሽ" ብለው ፊቷን በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አስታጠቧት። ዓርብ የታሰበው አደን ቀረ። በማደሪያችን ደጃፍ ከባዩሽ ጋር ተቀምጠን ስለ ፈንታሁን ስናወራ አረፈድን፤ ሰንበት ሳይገባም ቤታችን ደረስን።

ሳምንታት አለፉ። ያቭኔ የምትኖረው ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"አባ፣ ይሄን ስማ። ነገቭ የማዕድን ዋሻ ውስጥ የመንፈስ ድምፅ ቀዱ። ማማሽ፣ የእውነት ያስፈራል!"

ሰማሁ። የዋሻው ማሚቶ ቃሉን ቢያደበላልቀውም ባዩሽ ናት። ከኋላዋ የሚያለቅሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄ የአባቷን ለቅሶ አላወቀችውም። ሰምታው አታውቅማ፤ እኛ ልጆቻችን ፊት አናለቅስም። ከሥሩ አስተያየት የጻፉት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ጥንታዊ አራማይክ ነው ይላል። ሌሎቹ የሰሙትን ስም በዕብራይስጥ ፊደል እየጻፉ "ፈንታሁን ማነው? ፈንታሁንን የሚያውቅ አለ?" እየተባባሉ ይጠያየቃሉ።

ለልጄ ያን ቀን ብዙ ነገር ነገርኳት። በማግስቱ ለባዩሽም ማሽኑ አጠገብ ሆነን አወራሁላት። ትናደዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ጽፈን መንፈስ እንዳልሆነ እንንገራቸው? እንዲያጠፉት?" አልኳት።

የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች።

"ሁሉም ስሙን ይጠራል አልከኝ?"

"አዎ።"

"ተዋቸው" አለች። "ይጥሩት።"