የ«ሩልታቡሎ» ሥርወ ቃል በይፋ የጸደቀበት ሁኔታ

ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የሚከበሩት በሠሩት ሥራ ሳይሆን ባልቸኮሉበት ሥራ ነው። በዚህ ረገድ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ሥራ አስኪያጅ የሚስተካከል አልተወለደም።

የወጣቶች ክበብ አሰልጣኟ በኤስፔራንቶ፣ ማለትም የዓለም ሰው ሁሉ ሳይቸገር እንዲግባባበት ተብሎ በተሠራው ቋንቋ፣ ከምትጻጻፋቸው የሩቅ ወዳጆቿ አንድ ሣጥን ስጦታ መጣላት። ላዩ ላይ «ሩልታቡሎ» የሚል ተጽፎበታል። ውስጡ ልጆች ቆመው የሚነዷቸው ባለ ጎማ ጣውላዎች ነበሩ። ውድድሩ ደርሷል፤ ልጆቹ አንዲት አሮጌ ጣውላ እየተሻሙ ይለማመዳሉ።

«ምንጩ ያልታወቀ ቃል በእኔ በር አያልፍም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ሣጥኑንም አስቆለፉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ምንጩማ ይታወቃል! ‹ሩል› መንከባለል፣ ‹ታቡል› ጣውላ። የሚንከባለል ጣውላ። በቃ።»

«በቃ?» ዐውደ ጥናት ያሰቡለትን ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ስትጨርስባቸው ከፋቸው። «እህቴ፣ ሰው ሁሉ የሚገባው ነገር ጥናት አይባልም።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። የሕግ አማካሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «‹ሩል› በእንግሊዝኛ ሕግ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሕግ የሚነበብበት መድረክ እንጂ የስፖርት መሣሪያ አይደለም» አለ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር!»

ውሳኔውን ሊያነቡ አንዱን ጣውላ ከአዳራሹ በር ላይ አስቀምጠው ወጡበት።

«ጋሼ፣ ይውረዱ! ይንከባለላል!» አለች አሰልጣኟ።

«በቃለ ጉባኤው አልተያዘም!» ብለው ደረታቸውን ሲነፉ መድረኩ ተንቀሳቀሰ። ከነሙሉ ክብራቸው በኮሪደሩ ይዟቸው ነጎደ። አማካሪው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ሲቀርባቸው ዞር ብለው አዩ፤ ከኮሚቴው አንድም ሰው አልተከተላቸውም። የሥልጣን ብቸኝነት ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያ ወደቁ።

እግራቸው በጀሶ ታስሮ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አሰልጣኟ ልትጠይቃቸው መጣች።

«እግዜር ይማርዎ፣ ጋሼ። አሁንስ አመኑኝ?»

«መንከባለሉን ተቀብያለሁ። ጣውላነቱንም ወገቤ መስክሯል። መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ‹ኦ› ግን ደብቀሽኛል።»

«እሷ እኮ ቃሉ ስም መሆኑን የምታሳይ ናት።»

«ተሳስተሻል፣ ልጄ። እሷ የወዳቂው ጩኸት ናት። እኔው ራሴ ብያታለሁ።»

ኮሚቴው ግኝቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ጣውላዎቹም ለልጆቹ ታደሉ፤ ሳይወድቅ የሚነዳ ወጣት ግን ቃሉን አጉድሏልና ከውድድሩ ይታገዳል የሚል መመሪያ አብሮ ወጣ።