ሲጢጥ የሚለውን የችሎት በር ድል ስለ መንሣት

በዘመነ ቀጠሮ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ «ለሌላ ቀን ይቅረብ» ለሰባተኛ ጊዜ ከታወጀ በኋላ፣ ስምንተኛው ቀጠሮ በደረሰ ዕለት፣ እመ መርፌ ወክር፣ ቀዳጅ ወሰፊ፣ የሠፈሩን ሱሪ ሁሉ አሳጣሪ የሆነችው ልብስ ሰፊ ወደ ፍርድ ቤት ዘመተች። የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው፦ ጎረቤቷ የጋራውን መውጫ በብሎኬት ስለ ደፈነባት፣ በዊልቸር የሚሄዱት እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይን በመስኮት ብቻ አይተዋልና። ከተከተሏትም አለቆች አክስቷ ባለ ጃንጥላዋ፣ ሕግ ሳይማር ሁሉን የሚያውቀው የእህቷ ባል፣ እያዛጋ የሚከራከረው ጠበቃዋም ነበሩ።

ክቡር ዳኛው ግን ጸጥታን ከሕግ አብልጠው ይወዱ ነበር። የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤ ሲጢጥ ሲል ግንባራቸው ይቋጠራል፤ ግንባራቸው በተቋጠረ ጊዜ እየተናገረ የነበረ ሁሉ፣ እውነት ቢይዝም ባይዝም፣ ወዮለት! ወይ ይረታል፣ ወይ ይቀጠርበታል። ይህን ምሥጢር ጠበቆች አያውቁትም፤ ዘጠኝ ዓመት ወለሉን የወለወሉት የጽዳት እትዬ ግን ያውቁታል። በዚያም ጠዋት መወልወያቸውን ተደግፈው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ስሚኝ የኔ ልጅ! ጠበቃሽን ተዪውና በሩን ያዢ! አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር የጎረቤትሽ አማች ስልክ ተደወለልኝ እያለ የሚወጣ የሚገባው ለጤናው መሰለሽ?»

ይህን በሰማች ጊዜ ደሟ ፈላ። ወእምዝ ከቦርሳዋ የስፌት መኪናዋን የዘይት ብልቃጥ መዘዘች፤ እርሱም በፍተሻው ላይ ጥበቃው ሁለት ጊዜ አሽትቶ ያሳለፈው ነው። ዳኛው ሳይሰየሙ፣ አክስቷ ጃንጥላውን ዘርግታ ስትከልላት፣ በሦስቱ ማጠፊያዎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ አንጠባጠበች።

ተራዋም ደርሶ መናገር ስትጀምር አማቹ እንደ ልማዱ ተነሣ። ወጣ፤ ጸጥ። ገባ፤ ጸጥ። ቢጨንቀው በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ላቡ እስኪወርድ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ዳኛው ግን በሰባት ቀጠሮ ያልሰሙትን ነገር ሰሙ፤ እርሱም ክርክሩ ነው። በመጨረሻም ዐወጁ፦ «መውጫው በአሥር ቀን ውስጥ ይከፈት! ይህ ችሎት በማስረጃ እንጂ በዳኛ ስሜት አይፈርድም! ያ ከበሩ ጋር የሚታገለው ሰውዬም ይውጣልኝ!»

በአሥረኛው ቀን ብሎኬቱ ፈረሰ። እናቲቱም በዊልቸራቸው ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አቅንተው፣ እንባቸው እየወረደ «ማንም እንዳይገፋኝ፣ ራሴ እሄዳለሁ!» ብለው ዐወጁ። ጎረቤቷ ይግባኝ አለ፤ ጠበቃም ሳይፈልግ አስቀድሞ የበላይ ዳኞቹ ምን እንደሚጠሉ ያጠያይቅ ጀመር።

ኦ እመ መርፌ ወክር፣ ዳኛ ሳትደልዪ፣ ሕግ ሳትጥሺ በር ዝም ያሰኘሽ ጀግና፣ ዘይትሽ አይጉደል! እኔ ጸሐፊሽ ግን ውዳሴሽን ስጽፍ ከአንቺ በፊት እዚያው ቆመው ቤታቸውን የተነጠቁትን አስባለሁ፤ ለእነርሱ ዘይት የያዘ ሰው አልነበረም።