ቀኑ የተቆረጠበት ስክሪንሾት

ሰው ስልኩ ላይ ያየውን ነገር ለሌላ ሰው ከማሳየቱ በፊት ምን ምኑን እንደሚቆርጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተውያለሁ፤ ሥራ ካጣ ሰው የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ባትሪው ነው። አራት ፐርሰንት ባትሪ ይዞ ስለ ከተማችን መሪ ፕላን ሐሳብ መስጠት ያሳፍራል መሰለኝ። ቀጥሎ የላኪው ስም ይሄዳል። ጥያቄውን ቆርጠው መልሱን ብቻ የሚያስቀሩም አሉ፤ «እሺ፣ ይሁን» ያለው ምስኪን ምኑን እሺ እንዳለ የሚያውቅ ሳይኖር ወላይታ ሶዶ ሙሉ ሲፈርድበት ይውላል። ድሮ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየተጨመረበት ነበር፣ አሁን እየተቀነሰበት ይሄዳል። የቱ እንደሚብስ እንጃ። ብቻ በተጨመረበት ወሬ ላይ ትርፉን መገመት ይቻል ነበር፤ የተቆረጠውን ግን ከየት አምጥታችሁ ትቀጥሉታላችሁ?

ይህን ስል የሚቆርጥ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የማጫውታችሁ ስለ አንድ ደግ ሰው ነው። መምህር በረከት ኮምፒውተር ያስተምራል፤ የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕም፣ የከተማው ሰው የሚወያይበት ፎረምም አድሚን ነው። በስክሪንሾት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ረጅም ምስል ፎረም ላይ ሲለጠፍ ይኮማተራል፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቅቃል፣ ዓይናቸው የደከመ አባቶችም ስልኩን ወደ መስኮት እያስጠጉ ይቸገራሉ። ስለዚህ ከላይ ሰዓቱና ባትሪው፣ ከሥሩም ቀኑ ያለበት ይቆረጥ፤ ከታች ኪቦርዱ ይቆረጥ፤ የቀረው አራት ማዕዘን ይሁን። ሕጉን ያልጠበቀ ሰው ምስሉ ይነሳበታል። አትሳቁ፤ የበረከት ምስሎች በእውነት ይነበቡ ነበር።

ጋሽ ጳውሎስ ኦቶና ሆስፒታል በኩል ጎረቤቴ ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ብርቱካን። ባለቤታቸው እኩያዬ ናት፤ ሰፈሩ ግን በስሟ አይጠራትም፣ የብርቱካን እናት ነው የምትባለው። አዲሱ ዓመታችን ጊፋታ ሊደርስ ሲል ልጅቷ ታመመችና ኦፕሬሽን ታዘዘላት። በኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት ጋሽ ጳውሎስ ግሩፓችን ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጄ ብርቱካን ዛሬ ኦፕሬሽን ትገባለች። ወገኖቼ ጸልዩልን።» ከሥሩ ስልክ ቁጥራቸውን አስቀመጡ። በረከትም ብዙ ሰው ይጸልይላት ብሎ ስክሪንሾት አነሳ፣ እንደ ሕጉ ከላይም ከታችም ቆረጠ፣ ፎረሙ ላይ ለጠፈው። ከአረካ እስከ ቦዲቲ ያልተቀባበለው የለም።

ብርቱካን ከኦፕሬሽን አልተመለሰችም።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ጎረፈ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ። ከዚያ ድንኳኑ ወረደ። በእኛ ዘንድ ድንኳን ሲወርድ እንባም አብሮ እንዲታጠፍ ይጠበቃል። የብርቱካን እናት ግን ከዚያም በኋላ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ፣ እኛ ጎረቤቶቿ ተራ በተራ እየገባን «ይብቃሽ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» አልናት። ደጋግመን አልናት። በመጨረሻ በቃት፤ ወይም የበቃን እኛን ነበር። ማልቀሷን ስትተው መናገሯንም ተወች። መዝሙር ሲነሳ እንኳ ከንፈሯን አታንቀሳቅስም። እኛ ደግሞ ተጽናናች ብለን ደስ አለን። ሰው ለራሱ ምቾት ሲል የማይለው የለም።

ያ ምስል ግን እንደ ድንኳኑ የሚያወርደው ሰው አልነበረውም። በረከት ፎረሙ ላይ ያለውን ወዲያው አንስቶታል፤ በየሰዉ ስልክ የገባውን ማን ያነሳዋል? ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ያነበበው ሁሉ ልጅቷ ዛሬ የምትገባ ይመስለዋል። ቀኑ ተቆርጧላ! ገሱባ ያለ ሰው በበጋ ሲያነበው ዛሬ ትገባለች፤ ሌላው በበልግ ዝናብ ሲያነበውም ዛሬ ትገባለች። ጽሑፉ እንደሆነ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቅንድብ አሳምራለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይኸው ነው።

የጋሽ ጳውሎስ ስልክ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ልጅቷ ገባች?» መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ይናገሩ ነበር። ደዋዩ ይደነግጣል፣ እሳቸው አጽናኝ ይሆናሉ፤ የገዛ ልጁን ሞት ለማያውቀው ሰው ነግሮ መልሶ «አይዞህ» የሚል አባት አስቡ እስቲ። ኋላ ላይ አቅም አነሳቸውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ እያሉ መዝጋት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ በረከት ነገሩ እንቅልፍ ነስቶት እኔን አስከትሎ እነሱ ቤት ሄደ። የሠራውን በስልኩ አሳየን። ያው ምስል ነው፤ በላዩ ላይ ግን በቀይ፣ በጉልህ ፊደል «አርፋለች፤ አትደውሉ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«መጠኑን አስተካክዬዋለሁ፣ በማንኛውም ስልክ ይነበባል» አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ከፈቀዱ በሁሉም ግሩፕ እለቀዋለሁ።»

ጋሽ ጳውሎስ ሚስታቸውን አዩ። እሷ ቀዩን ጽሑፍ አየችና ፊቷን አዞረች። ይህን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ።

የደወሉት እማማ ማርታ የሚባሉ የሁምቦ ሴት ናቸው። ምስሉን የልጅ ልጃቸው የዚያን ዕለት ጠዋት አንብባላቸው፣ ወዲያው ቢደውሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ተባሉ። እንግዲያው ገና አልገባችም ብለው መኪና ተሳፈሩ። አሁን ሶዶ መናኸሪያ ቆመው ቤቱ በየት በኩል ነው ይላሉ። እናንተ ብትሆኑ በስልክ ምን ትሏቸው ነበር? ጋሽ ጳውሎስ ስልኩን ለአንድ ባጃጅ ነጂ እንዲሰጡት አሏቸውና አቅጣጫውን ለእሱ ነገሩት።

እማማ ማርታ ላብ አጥምቋቸው ገቡ። ባንድ እጃቸው ዶሮ፣ በሌላው የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ይዘዋል።

«ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሁላችንንም በየተራ ሰላም አሉን። ሲያወሩ በወላይትኛ ነው፤ እኔ ለእናንተ ወደ አማርኛ ልመልሰው። «ይሄ ሽፈራው ለደም ጥሩ ነው፣ ስትወጣ ቀቅላችሁ ስጧት። የት አለች ልጄ? ሳትገባ በእጄ ነክቼ ልጸልይላት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ጳውሎስ ሊነግሯቸው ጀመሩ። «እማማ፣ ልጅቷ እኮ...»

«መጀመሪያ ይብሉ» አለች የብርቱካን እናት።

ድምፅዋን ከሰማሁ ወራት አልፈዋል። ደግሞም ልክ ነበረች። መርዶ ለመንገደኛ በር ላይ አይነገርም፣ ለተራበ ሰው አይነገርም፤ የሞተብህ አንተ ብትሆንም እንኳ አስቀድመህ ታበላለህ። ቅቅል ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ። እማማ ማርታ ሙያዋን እያመሰገኑ ይበላሉ፣ እኛ ግድግዳውን እናያለን። በረከት ያ ቀይ ጽሑፍ እንዳይታይበት ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞታል። ያን ያህል የረዘመ ምሳ በዕድሜዬ አላየሁም።

በልተው እጃቸውን ታጠቡና ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የምትገባውን ልጅ እጇን ያዝልኝ። የሐኪሞቹን እጅ ምራ። ለእናቷ መልስላት።»

አሜን የሚል ጠፋ። ከእኛ ውስጥ ማን ደፍሮ አሜን ይበል? ዝምታው ሲበዛባቸው እማማ ማርታ ዓይናቸውን ገለጡ። የብርቱካን እናት አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከችና ሁለቱንም እጆቻቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ብርቱካን ከጊፋታ በፊት ሞታብኛለች።»

አሮጊቷ ጮኹ። ደረታቸውን እየደቁ፣ አይተዋት የማያውቋትን ልጅ በስሟ እየጠሩ፣ «ሳልደርስልሽ! ልጄ፣ ሳልደርስልሽ!» እያሉ ጮኹ። የብርቱካን እናትም አብራ ጮኸች። ያን ሁሉ ጊዜ እንድታምቀው ያደረግናት ለቅሶ በአንዴ ወጣ። እኔ ፈራሁ፤ ደግሞም አፈርኩ። ከእኛ ሁሉ መሃል ከእሷ እኩል የሚያለቅሱት እኒያ መንገደኛ ብቻ ነበሩ፤ ለእሳቸው ልጅቷ የሞተችው ገና አሁን ነዋ።

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ጋቢውን እየጎተተ መጣ።

«ማን ሞተ?» አለ የፊተኛው።

«ብርቱካን» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

ሰውየው ብርቱካንን ከቀበሩት አንዱ ነው። ጋሽ ጳውሎስን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የመጣውም ጠየቀ፣ ተነገረው፣ ተቀመጠ። የዚያን ቀን «ይብቃሽ» ያለ ሰው አልነበረም።

አመሻሽ ላይ እማማ ማርታን ባጃጅ ላይ አሳፍረን ስንመለስ፣ በረከት ስልኩን አውጥቶ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«እንግዲህ ይህን ልልቀቀው?»

«ተወው» አለች የብርቱካን እናት።

«ካልለቀቅኩት እኮ መደወላቸውን አይተዉም።»

«ይደውሉ። ስልኩን ለእኔ ስጡኝ።»

ይህን ደግ ልበለው ክፉ እስካሁን አላወቅሁም። እኛ አልቅሰን ጨርሰናል፤ በሰፈሩ ለእሷ የተረፈ እንባ ስለሌለ ከማታውቀው ሰው ትዋሳለች። ስልኩ አሁን እሷ ዘንድ ነው የሚውለው። ትናንት በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ጮኸና አነሳችው። ማዶ ያለው ሰው የሚለው አይሰማኝም፤ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ። እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ «ምሳ በልተሃል፣ ልጄ?» ስትለው ሰማኋት።