ለገዛ ልጄ ሽማግሌ ላክሁ

እዚህ አሜሪካ፣ እኛ አካባቢ ሚያዝያ ሲገባ ሰላምታው ይለወጣል። እንዴት ነህ፣ ጤና ነህ ወይ የሚል ሰው ይጠፋል። አስራ ሁለተኛ ክፍል የምትጨርስ ልጅ ካለችህማ አለቀልህ፤ እጅህን እንደያዙ የት ዩኒቨርሲቲ ገባች ይሉሃል። እንጀራ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ፣ የት ገባች። ጸጉርህን ልትስተካከል ስትቀመጥ፣ የት ገባች። እኔ ታዲያ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ምን ነበረበት? አልዘጋሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን ሶስናን ከቤታችን የአራት ሰዓት መንገድ የሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። እኔ አሌክሳንድሪያ የምትባል የጎረቤት ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ የተበላሸ ነገር የምጠግን ሰው ነኝ። የአንዱን ክፍል ሻወር ይዤ ስታገል ባለቤቴ ሂሩት ኮል አደረገችኝና ነገረችኝ። እሁድ ለፓስተራችን ነገርኳቸው። እሳቸው ለጉባኤው ነገሩ። ጉባኤው እልል አለ። ሶስና መዘምራኑ መሃል ቆማ ጫማዋን ታያለች። ትሕትና መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ራት ላይ በእንግሊዝኛ ጀመረች። ሶስና በእንግሊዝኛ ከጀመረች ነገር አለ ማለት ነው። ሁለት ዓመት እዚሁ ቅርባችን ያለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማንም አመልክቶ የሚገባበት የሰፈር ኮሌጅ፣ ልማር፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አደርጋለሁ አለችን።

ታዲያ ምን አለበት ትለኝ ይሆናል። እኔም የሰው ልጅ ሲሆን ምን አለበት እላለሁ። ጀርመንታውን የሚባል ሰፈር ያለው ወዳጄ ልጅ እንደዚያው አድርጎ ዛሬ መሐንዲስ ነው፤ ጎበዝ ብዬዋለሁ። የራስ ልጅ ሲሆን ግን ሆድ ይፈራል። ሁለት ዓመቱ አራት ቢሆንስ? ሥራ ጀምራ ደሞዝ ቢጥማትስ? ደግሞስ ያን ሁሉ እልልታ ወዴት ልመልሰው? እንቅልፌ ጠፋ። ሆቴል ውስጥ አምፖል ልቀይር ገብቼ ደህናውን ፈትቼ የተቃጠለውን ትቼ ወጣሁ።

መከርኳት። ተቆጣሁ። በመጨረሻ አኮረፍኩ። ኩርፊያ ደግሞ እዚህ አገር ልጅ ላይ አይሠራም፤ አባዬ ስፔስ ፈልጎ ነው፣ ብቻውን ልተወው ብላ ጭራሽ በእግሯ ጣት መራመድ ጀመረች።

ዩኒቨርሲቲው እመጣለሁ ወይም እቀራለሁ በሉኝ ያለበት ቀን ሲቃረብ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ሽማግሌ ልላክባት። ለጋብቻ ይላካል፣ ለተጣላ ባልና ሚስት ይላካል፣ ለዩኒቨርሲቲ ቢላክ ማን ይከለክላል? ሂሩት ስትሰማ አበድክ እንዴ አለችኝ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

የላክኋቸው ጋሽ ታምራትንና እትዬ አስቴርን ነው። ጋሽ ታምራት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እትዬ አስቴር ቤታቸው ሕፃናት የሚጠብቁ፣ ሶስናንም አፏን ሳትፈታ ጀምሮ ያሳደጉልን ናቸው። ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ሲንገላቱ ቆይተው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ደረሱ። ጋሽ ታምራት ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። እኔ ላኪው ነኝና መኝታ ቤት ገባሁ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

ወጉን ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስ አይቀመጥም። ባለቤቱ ደግሞ ትልቅ ሰው ማቆም ነውር ይሆንበትና ኧረ ተቀመጡ ይላል። ያቺ ተቀመጡ ግማሽ እሺታ ናት። ጋሽ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ፣ ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል፣ ዩኒቨርሲቲው እሄዳለሁ ካላልሽን አንቀመጥም አሏት። ሶስና ፈገግ አለች። ችግር የለውም፣ እንደተመቻችሁ አለቻቸውና ራሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ቆሙ። እሷም በአክብሮት ጠበቀች። እትዬ አስቴር ቦርሳቸውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራሉ። ጋሽ ታምራት ግድግዳ ተደገፉ። እኔ በሩ ስር ላቤ ይንቆረቆራል፤ ወጥቼ አስቀምጪያቸው እንዳልላት ላኪው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ጉልበታቸው ከዳቸውና ጋሽ ታምራት ማንም ሳይጋብዛቸው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያማ ምን ሽምግልና አለ? ጨዋታ ሆነ። እትዬ አስቴር ለምንድነው እናቴ እምቢ ያልሽው ብለው ጠየቋት። ይቺን እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ሶስናም ምን መማር እንደምፈልግ አላውቅም አለች። አባዬ ነርስ ሁኚ ብሏል፣ እኔ ግን ገና አላወቅሁም፣ እዚህ ሆኜ ልፈልገው አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። ሁሉም ሰው እልል ብሏል፣ ሄጄ ብወድቅስ፣ እፈራለሁ አለቻቸው።

የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ሁለታችንም ስንገላበጥ ነው የምናድረው። ሽማግሌዎቹ ጸለዩላትና ሄዱ፤ ለእኔ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ሳሎኑ መሃል ተደርድረዋል። ማን ነው እዚህ ያስቀመጣቸው ልል ስል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታምራትና እትዬ አስቴር ናቸው። ያው ሱፍ። ወንበሮቹ ፊት ቆሙና ጋሽ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅህ ልካን ነው የመጣነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጁን ካልፈቀድክላት አንቀመጥም አሉኝ።

ሶስና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ያንን ኮሌጅ እኔ አውቀዋለሁ። ዲቪ ደርሶኝ እንደመጣሁ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር እንግሊዝኛ የተማርኩበት ነው። አስተማሪዋ ስታስረዳ እኔ አንቀላፋ ነበር። እኔ በድካም የገባሁበትን በር ልጄ እንድታየው አልፈለግሁም፤ ጭንቀቴ ሁሉ ይኸው ነበር። ይሄን ለሂሩት እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

እኔም እንደ ልጄ ላስቆማቸው ሞከርኩ። እነሱም ቆሙ። የጋሽ ታምራት ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ እንደ ሶስና ከየት አባቴ አምጥቼ ልቻለው? ትልቅ ሰው ቆሞ እያየሁ አልችልም፤ እንደዚያ ነው ያደግሁት። አፌ ቀደመኝና ኧረ ተቀመጡ አልኩ።

ተቀመጡ። ሶስና መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እኔም እንባዬ መጣ። የእልልታውን ነገር ፓስተሩ ጋ እኔ እጨርሰዋለሁ አሉ ጋሽ ታምራት፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

ልጄ ወጋችንን ሳታውቅ አደገች እያልኩ ስንት ዓመት ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። አሁን አውቃለች። ትናንት ከሥራ ስገባ እነዚያ ሁለት ወንበሮች እንደገና ሳሎኑ መሃል ተደርድረዋል። ኮሌጁ ለካ አውቶቡስ አይመቸውም፣ ለሶስና መኪና ይፈልጋል። ጫማዬን ሳላወልቅ በጓሮ በር ወጣሁ።