ጴጥሮስ የሚሆን ሰው ጠፋ

ገና ባልተሠራ ፊልም የሚጣላ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ ተፈራ እንዲህ ነው። መንፈሳዊ ፊልም ሊሠራ ነው ከተባለ፣ ማን ማንን ሆኖ እንደሚተውን ከአዘጋጁ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስንሄድ ስልኩን እያየ ጮኸ።

«ይሄን ሰውዬ ጴጥሮስ አድርገውታል! አምና በድራማ ሚስቱን ሲከዳ አላየንም? ከሃዲ እንዴት ሐዋርያ ይሆናል?»

ተሳፋሪው ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ነቀነቅሁ። ከጎናችን የተቀመጡት የመርሳው ነጋዴ ሐጂ እንድሪስ ግን ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ባለፈው ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ ብለህ አጫውተኸኝ የለ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ራሱ ጴጥሮስ ልተውን ብሎ ቢመጣ ልትከለክለው ነው?»

ተፈራ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ያንን ሲነቀነቅ የነበረ ራሴን ወደ መስኮቱ አዞርሁት።