ክብርት ሙጫ በልብስ ማጠቢያው ቤት

እምቢታ ጆሮው የማይገባ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በር ሲዘጋበት እንኳ “ጥሩ በር ነው፤ ማን ሠራላችሁ?” ብሎ ጨዋታ ይጀምራል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን የአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢዎች “ክብርት ሙጫ” ያሏት ሴትዮ ናት። ሥራዋ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች ሥራ መፈለግ፣ ሲገኝም እስኪለምዱት አጠገባቸው ቆሞ ማገዝ ነው።

የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ ገና ከጅምሩ በጨዋነቱ ተሳሳተ። ለአንድ ሰው ሥራ ልትጠይቀው ብትመጣ ሊሸኛት ፈልጎ እንደማንኛውም ሰው “ነገ ብቅ በይ” አላት። እንዲህ የተባለ ሰው መቅረት እንዳለበት ማንም ያውቃል። እሷ ግን በማግስቱ ማሽኖቹ ሳይነሱ በሩ ላይ ተገኘች።

“ነገ ብለውኝ ነበር ጋሼ። ይኸው ነገ ሆነ።”

“ስብሰባ አለኝ” አላት።

“እጠብቃለሁ።”

ስብሰባ ስላልነበረው የሳሙና መጋዘን ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ። ሲወጣ እዚያው ናት።

“ስብሰባው እንዴት ነበር?”

ሰውዬው ተሸነፈ። “በይ እሺ፣ ልጁን ለአንድ ወር አምጪው።”

“ልጅ አይደለም ጋሼ። ጢሙን ሲያዩት ይገባዎታል።”

እውነትም ባለ ጢም ጎልማሳ ነበር። አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ተመደበ። ያጠፈው አንሶላ ግን ሰው ተኝቶበት የተነሳ ይመስል ነበር። ክብርት ሙጫ ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጠፈች፤ ግድግዳው ላይ የአስተጣጠፉን ሥዕል ሰቀለች፤ ከጎኑ ቆማም ቀኑን ሙሉ “ጫፉን ከጫፉ! ይለመዳል፣ ሁሉም ይለመዳል!” ስትል ዋለች። እሱ ዝም ብሎ ያጥፋል። እርጥብ ፎጣ የተከመረበት ጋሪ ባለፈ ቁጥር ግን አንገቱ አብሮ ይዞራል፤ አንሶላውም ከእጁ ያመልጣል።

ወሩ አለቀ። ኃላፊው “አልሆነም” የምትለዋን ቃል ቤቱ መስታወት ፊት ተለማምዷት መጣ። እንደ ፈራው ግን ሴትዮዋ አላስጨረሰችውም።

“አንድ ሳምንት ይጨምሩልን። ፕላስተሩን በሰፊው እለጥፋለሁ፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ...”

“እኔ አልፈልግም።”

ሁለቱም ዞሩ። ባለ ጢሙ ነው።

“ማጠፍ ይሰለቸኛል እትዬ። ጋሪውን ነው የምፈልገው።”

“ውይ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?”

“መቼ ዝም አልሽና!”

አጣቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እምቢን ከማንም ሰምታ የማታውቀው ሴትዮ እርጥቡ ፎጣ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ውኃ ሲጠጣም አላስተዋለችም።

“እውነቱን ነው” አለች በመጨረሻ። “ጥፋቱ የእኔ ነው።” ኃላፊው ይህን ሰምቶ ተገላገልኩ ሲል ብድግ አለች። “ሰምተዋል ጋሼ? ሰውየው ጋሪውን ነው የሚፈልገው!”

ጋሪውን ሰጡት። መጀመሪያ ከበሩ ጉበን ጋር አላተመው፤ ቀጥሎ የኃላፊውን እግር ሊደፈጥጥ ለጥቂት ሳተው። ከምሳ በኋላ ግን የየፎቁን ፎጣ ሰብስቦ፣ አንድም መንገድ ላይ ሳይጥል፣ “መንገድ! መንገድ!” እያለ ከተፍ አለ። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ግድግዳ አስይዞ ነው ያለፈው። ኃላፊው መስታወት ፊት የተለማመዳትን ቃል ቢፈልጋት አጣት። ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ አደረገው።

በቀደም የአንድ ዳቦ ቤት ባለቤት ለኃላፊው ደወለለት። “አንዲት ሴትዮ አላስቀምጥ አለችኝ። አንተ ታውቃታለህ አሉ፤ በምን ልገላገላት?”

“እሷን ለመገላገል ከሆነ እኔ ዘንድ አትደውል!” ብሎ ተቆጣ፤ ለምን እንደ ተቆጣ ለራሱም አልገባውም። “ስማ፣ እሺ ማለትህ ላይቀር አትድከም። ብቻ የምታመጣውን ሰው ምን መሥራት እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቀው። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ጠብቀህ፣ ቶሎ ብለህ።”

ምክሩን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ግን ጋሪው እየመጣ ስለሆነ ስልኩን ዘግቶ መንገድ ለቀቀ።